ወኔ ማልዶ አይነሳም

የአበበ ቢቂላን የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን ፎቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ምሽት ነው። ዙሪያው ጨለማ፣ እግሩ ባዶ፣ ፊቱ እርጋታ ብቻ። አሁን አሁን ግን ይህች ፎቶ ብቻዋን አትመጣም። ቴሌግራም ላይ፣ ቲክቶክ ላይ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን አንድ ጂም ግድግዳ ላይ ሳይቀር ጽሑፍ ተለጥፎባት ታገኟታላችሁ። «እሱ ጫማ አልነበረውም፤ አንተ ምን ምክንያት አለህ?» ዓይነት ነገር። ከጎኗ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጭቃ ውስጥ የሚሳብ ወታደር አለ። (ጂሙ ራሱ የሚከፈተው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። በዚህ ብርድ ማን ቀድሞ ይከፍታል?)

የሞቲቬሽን ሰዎች ስፖርተኛና ወታደር ይወዳሉ። አልፈርድባቸውም። ሁለቱም ሲያዩዋቸው ደስ ይላሉ። እኔም ሁለቱን ቤት ትንሽ ትንሽ አውቃቸዋለሁ። በልጅነቴ እዚሁ ደብረ ብርሃን ሮጫለሁ። ለወረዳም ለዞንም ተሰልፌያለሁ። ኋላ ማሰልጠኛ ገብቼ ወታደር ሆንኩ። በሩጫውም በውትድርናውም ስሜ የሚነሳ ሰው አልነበርኩም፤ ከመሀል ነበርኩ። ቅሬታ የለኝም።

ከሁለቱ የሚወሰደው ትምህርት ወኔ ነው ይሉናል። ጨክን፣ ጥርስህን ንከስ፣ እጅ አትስጥ። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ወኔ ያለው ልጅ በየመንደሩ ሞልቷል። የሚቀሰቅሰው ጓደኛ፣ የሚገባበት ሰልፍ፣ «ለዛሬ ይበቃል» የሚለው አሰልጣኝ ያለው ግን ጥቂት ነው። ልዩነቱም የሚመጣው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ የጫማውን ነገር እንጨርስ። አበበ ጫማ ነበረው። ሮም ደርሶ አዲስ ገዛ። አዲሱ አልተመቸውም፤ እግሩን አቆሰለው። በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ ለእሱ እንግዳ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ጫማውን ተወው። እግር የሚያቆስል ጫማ አጥልቆ 42 ኪሎ ሜትር ከመሮጥ የለመዱትን መያዝ ይሻላል። ይህ የብልህ ሰው ውሳኔ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ የሚመች ጫማ ሲያገኝ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ ሰዓቱንም አሻሻለ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ግን የሮሙ ብቻ ነው። ጫማ ያደረገ ጀግና ፖስተር አይሆንም መሰል።

ሌላው ብዙ የማይወራው የቁጥሩ ጉዳይ ነው። አሰልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ከውድድሩ በፊት «26 ቁጥርን ጠብቅ» ብሎት ነበር። 26 ቁጥር የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም መሆን ነበረበት። ራዲ ግን የማራቶኑን ቁጥር ሳይወስድ በ10,000 ሜትር ቁጥሩ፣ በ185 ሮጠ። ስለዚህ አበበ ግማሹን ሮም 26 ቁጥርን ሲፈልግ ነው ያመሸው። ከፊት አለ ብሎ ያስባል። አጠገቡ ደግሞ አንድ 185 ቁጥር የለበሰ ሰው አብሮት ይሮጣል። ሁለቱ ሌላውን ሁሉ ጥለው ብቻቸውን ቀሩ። የሚፈራው ሰው ያ 185 ቁጥር ራሱ ነበር፤ አበበ አላወቀም።

ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። የመጣለትን እቅድ ይዞ ሮጠ፤ እቅዱ የተሳሳተ መረጃ ነበረበት፤ ሆኖም ምንም አልሆነም። ምክንያቱም አጠገቡ ካለው ሰው ጋር እኩል እየሄደ ነበር። ወደ መጨረሻው ግድም፣ ጣሊያኖች ከአክሱም ነቅለው ወስደው ሮም ያቆሙት ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ፍጥነት ጨመረ። ቦታውን አስቀድመው መርጠውት እንደነበር ይነገራል። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ራዲ ከ25 ሰከንድ በኋላ ገባ። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። እዚህ ችቦ በሚለኮስበት ምሽት አበበ እዚያ ችቦ በያዙ ወታደሮች መሀል ይሮጥ ነበር። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አክሱም ተመልሷል።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ፤ ወደ ጃቶ።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ጃቶ በምትባል የሰሜን ሸዋ መንደር ነው። አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ነፋሱ አይጣል ነው፣ የገብስና የባቄላ አገር ነው። አበበ በልጅነቱ የገና ጨዋታ ይጫወት ነበር። የዛሬ ልጆች ገናን በቴሌቪዥን ብቻ ስለሚያዩት መንገር አለብኝ፤ የድሮው ገና በኳስ ሜዳ የሚወሰን አልነበረም። በሁለቱ ግቦች መሀል ኪሎ ሜትር የሚበልጥበት ጊዜ ነበር። ሩሯ ከተመታች ጋራ ዞራ ነው የምትገኘው። ያንን ሲያሯሩጥ የዋለ ልጅ ሳንባው ምን እንደሚሆን አስቡት።

እንዲህ ያለ ልጅ ግን አበበ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን በጃቶ፣ በመንዝ፣ በተጉለት፣ በቡልጋ ስንት እረኛ ነበር? ስንቱ ከአበበ እኩል ወይም ከአበበ በላይ ይሮጥ ነበር? ማንም አያውቅም። ሰዓት የያዘለት የለማ። አበበን ከእነሱ የለየው ክቡር ዘበኛ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር፣ መግባቱ ነው። ክቡር ዘበኛ ውስጥ በየቀኑ ምግብ አለ። ደመወዝ አለ። ሐኪም አለ። በሰዓት መነሳት አለ። በክፍሎች መሀል ውድድር አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኒስካነን አለ፤ ሰዓት ይዞ የሚቆም፣ መቼ መፍጠን መቼ መቀነስ እንዳለበት የሚነግር ሰው። አንድ እረኛ ወታደር በመሆኑ አሰልጣኝ አገኘ። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ይህን ያህልም ትልቅ ነው።

ለዚህ እኮ ነው ሯጮቻችንን በማዕረግ የምንጠራቸው። ሻምበል አበበ፣ ሻምበል ማሞ፣ ሻምበል ምሩጽ፣ ሻለቃ ኃይሌ፣ ኮሎኔል ደራርቱ። ለሌላ ሀገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው። ለእኛ ጆሯችን ለምዶታል። ረጅም ዘመን በዚህች ሀገር አንድን የገበሬ ልጅ መግቦ፣ አልብሶ፣ ጊዜ ሰጥቶ የሚያሮጥ ተቋም ጦሩ፣ አየር ኃይሉ፣ ፖሊሱና ማረሚያ ቤቱ ነበሩ። ወኔውን ልጁ ከቤቱ ይዞ ይመጣል። የቀረውን ካምፑ ያሟላል።

ተቋሙ ሁሌ ደግ ነበር ማለቴ አይደለም። ከሮም ድል ሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። አበበም ከሌሎቹ ጋር ታስሮ ነበር፤ ኋላ ተለቀቀ። ያሳደገህ ቤት ጣጣም ይዞብህ ይመጣል።

ወደ ራሴ ልምጣ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ መተከሉ የማይገርመን ለዚህ ነው። እኛ በዚያ ብርድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥላሴ አጠገብ እንሰባሰብ ነበር። አንዱ ሹራብ፣ አንዱ የአባቱን ካፖርት፣ አንዱ ጋቢ ደርቦ። ለመሮጥ የሚፈልግ ገላ የያዘ ግን ማንም አልነበረም። ይህን በእርግጠኝነት እናገራለሁ። ደስ ብሎኝ የተነሳሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ታዲያ ለምን ተነሳሁ? ካልተነሳሁ ይመጡብኛላ። ቤታችን ከመንገዱ አይርቅም። የቀረ ሰው ካለ ልጆቹ በቆርቆሮው ላይ ጠጠር ይወረውራሉ። ውሻ ይጮኻል፣ ጎረቤት ይነቃል፣ እናቴ ትራገማለች። «ኧረ ተነስና ሂድላቸው፣ ቤቴን አፈረሱት!» ትላለች። እንግዲህ ይህ ነው የእኔ ሞቲቬሽን። ጠጠርና የእናቴ እርግማን።

ስንሮጥ በሰልፍ ነው። አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላው፣ ሌላው ከእሱ ኋላ። ሀገራችን ውስጥ በቡድን ሲሠለጥን ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። ባሕር ዛፍ ውስጥ እየተጠማዘዙ፣ በኮረኮንቹ ዳር፣ በታጨደው የባቄላ ማሳ ላይ። አሰልጣኛችን የሚጮኸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እግሩን ተከተል!» ከፊትህ ያለው ልጅ እግር የረገጠበትን ትረግጣለህ። ድንጋይ ካለ እሱ አይቶልሃል። ነፋሱን እሱ ይቆርጥልሃል። ሲደክመው ወደ ጎን ይወጣል፣ ተከታዩ መሪ ይሆናል። ተራህ ሲደርስ አንተ ነፋሱን ትበላለህ። ተራውን የሚሰርቅ ልጅ ነበር፤ ሁሌ ይኖራል። ከኋላ ተጎትቶ መጨረሻ ላይ ተወርውሮ የሚቀድም። እንዲህ ያለው ልጅ ወረዳ ላይ ያሸንፋል። ዞን ላይ ግን እግሩን የሚሰጠው አያገኝም።

ከፊትህ ያለውን እግር ስታይ አታስብም። ትልቁ ነገር ይህ ነው። ስንት ይቀራል፣ ደከመኝ፣ ልተው፣ ትንሽ ልቀጥል የሚባል ክርክር የለም። ክርክሩ ነው የሚያደክመው፤ ሩጫውስ ያልፋል። ብቻዬን ስሮጥ ግን በየመቶ ሜትሩ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። ብዙ ጊዜም እሸነፋለሁ።

ማሰልጠኛ ስገባ ያገኘሁት ይህንኑ ነው፤ ልብሱ ተለወጠ እንጂ። ሌሊት ፊሽካ ይነፋል። ከስክስህን ታጠልቃለህ፣ ትወጣለህ፣ ትሰለፋለህ። እዚያ ማንም «ዛሬ ዝግጁ ነህ?» ብሎ የሚጠይቅህ የለም። ከተማ ውስጥ ሳለሁ በየጠዋቱ ስንት ነገር እወስን ነበር። ልነሳ፣ ትንሽ ልተኛ፣ ምን ልልበስ፣ ምን ልብላ። ካምፕ ውስጥ ይህ ሁሉ ከትከሻህ ይወርድልሃል። ልብሱ ያው ነው፤ ቁርሱ ያው ነው። ዘመቻ ልምምድ ከሆነ ደግሞ ኮቾሮ ነው፤ በኮዳ ውኃ ካልነከርከው ጥርስ የሚሰብር። መጀመሪያ አካባቢ አስጠልቶኝ ነበር። እየቆየ ግን ጭንቅላቴ እንደቀለለው ገባኝ።

የጓድ መሪያችን አስር አለቃ ዝምተኛ ሰው ነበር። የጎጃም ልጅ ይመስለኛል። ረጅም የእግር ጉዞ ላይ አንድ የከተማ ልጅ እግሩ ውኃ ቋጥሮ መራመድ አቃተው። ሁላችንም አስር አለቃው የሚያመሰግን ወይም የሚሰድብ ንግግር ያደርጋል ብለን ጠበቅን። ምንም አልተናገረም። የልጁን ሻንጣ አንስቶ ለአንዱ ሰጠ፣ መሣሪያውን ለሌላው ሰጠ፣ ልጁን ከሰልፉ ኋላ አውጥቶ ፊት አደረገው። «በእሱ እርምጃ ነው የምንሄደው» አለ። ሄድን። ዘግይተን ደረስን፤ ግን ሙሉ ጓድ ሆነን ደረስን። ከፊት የተደረገ ደካማ ደግሞ ይፈጥናል። ይህን ያየሁት ያኔ ነው። ኋላ በሥራ ቦታም ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

የቅጣቱን ነገር ግን አላወድስም። አንድ ሰው አርፍዶ ጓዱ በሙሉ በዳክዬ ዝላይ ሲቀጣ ጥሩ ትምህርት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ያየሁት ማታ ላይ ያ ያረፈደ ልጅ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ሲደበደብ ነው። ከዚያ ምን እንደተማረ አላውቅም።

ደግሞም ስለ ውትድርና ስናወራ ጦርነትን ትምህርት ቤት ማድረግ ደስ አይለኝም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ ሲመጣ እዚህ የነበረ ሰው ያውቃል። ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ተሞላች። ልጇን ያጣች እናት ዘንድ ለቅሶ ደርሶ ስለ ጽናትና ስለ ስኬት የሚያወራ ሰው ካለ ከቤት ቢያስወጡት አልፈርድም። እኔ የማወራው ስለ ማሰልጠኛው፣ ስለ ፊሽካው፣ ስለ ሰልፉ ነው። ከዚያ ያለፈውን የዋሉበት ይናገሩት፤ የዋሉበት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይናገሩም።

አንድ ነገር ግን በጣም አስተምሮኛል። ከሠራዊት የወጡ ጓደኞቼ ዕጣ ነው። ካምፕ ውስጥ ሳለን እንደ እነሱ ሥርዓት ያለው ሰው አልነበረም። አልጋቸው ቢላ የቆረጠው ይመስላል። ከስክሳቸው ይታይበታል። ሲወጡ ይህ ሥርዓት አብሯቸው የሚወጣ መስሎን ነበር። ግማሾቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ተበታተኑ። እስከ አራት ሰዓት ይተኛሉ፣ ከሰዓት ጫት ቤት፣ ማታ አረቄ። ሰነፎች ሆነው ነው? እነዚያው ሰዎች ናቸው እኮ። የቀረው ፊሽካው ብቻ ነው።

የተረፉት ምን አደረጉ ብዬ አስተውያለሁ። አንደኛው ዳቦ ቤት ተቀጠረ። ዳቦ ቤት ሥራ የሚጀመረው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ካልሄደ ሊጡ ይበላሻል፤ ሦስት ሰው ይጠብቀዋል። ሌላው ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ የወተት ላም ያዘ። ላም ደግሞ «ዛሬ ሙድ የለኝም» አይባልላትም። ሳይታወቃቸው አዲስ ፊሽካ ፈልገው አገኙ። ጠንካራ ሰዎች ናቸው ይባላሉ አሁን። ናቸውም። ግን ጥንካሬያቸው በየሌሊቱ የሚጠብቃቸው ነገር ስላለ ነው የማይላላው።

ስለ ማቆምም ላውራ፤ ይህ በሞቲቬሽኑ መንደር ጨርሶ የማይነሳ ነገር ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ቶኪዮ። አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ቢሆንም በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ የዓለም ክብረ ወሰን። ሁለተኛው እስኪመጣ አራት ደቂቃ ያህል አለፈ። አበበ ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ይህን ሁሉም ይተርከዋል። ስለ ሦስተኛው ሰው ግን ማን ይተርካል? ኮኪቺ ሱቡራያ ይባላል፤ የጃፓን ወታደር ነው። ሁለተኛ ሆኖ ስታዲየም ገባ። ወገኖቹ እየጮኹለት፣ እዚያው ትራኩ ላይ እንግሊዛዊው ቤዝል ሂትሊ አለፈው። የነሐስ ሜዳሊያ ማለት እኮ ቀላል ነገር አይደለም። ሱቡራያ ግን ሀገሬን አሳፈርኩ አለ። ለሜክሲኮ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ ጉዳት ያዘው። በ1968 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ገና 27 ዓመቱ ሳለ፣ ከዚህ በላይ መሮጥ አልችልም ብሎ ጽፎ ራሱን አጠፋ።

እሱም ወታደር ነበር። እሱም ሯጭ ነበር። ጽናት አልጎደለውም። የጎደለው «ልጄ፣ ይበቃል፤ አረፍ በል» የሚለው ሰው ነበር። እጅ አትስጥ የሚለውን ቃል ለማንኛውም ልጅ ከመናገሬ በፊት አሁን አሁን እሱ ትዝ ይለኛል።

ሜክሲኮ ላይ አበበ የእግር ጉዳት ነበረበት። ጀመረ፤ ከ17 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ አቋርጦ ወጣ። የሁለት ኦሊምፒክ ባለ ድል፣ ሻምበል አበበ፣ ዓለም እያየው ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ለማሞ ወልዴ «እኔ አልቻልኩም፤ አንተ አሸንፍ» እንዳለው ይተረካል። ማሞም የክቡር ዘበኛ ሰው ነው። በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። ለኢትዮጵያ በተከታታይ ሦስተኛው የማራቶን ወርቅ ሆነ። በባቄላው ማሳ ላይ ስንሮጥ መሪው ሲደክመው ወደ ጎን እንደሚወጣው ማለት ነው፤ ተከታዩ አለ። ተከታይ ያለው ሰው ለመውጣት አይፈራም። በእኔ ሚዛን ከሮሙ የማይተናነስ የአበበ ሥራ ይህ ነው። ፎቶውን ግን ጂም ውስጥ አላየሁትም።

በመጋቢት 1961 ዓ.ም. መኪናው ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እንግሊዝ ሀገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ወራት ቆየ። እዚያው በአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀስት ወርውሯል፣ ጠረጴዛ ቴኒስ ተጫውቷል። ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ ተወዳድሮ አሸንፏል። የገብስ አገር ልጅ፣ በውሻ ጋሪ! በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

ከእኛው ሰፈር ሌላም ሰው አለች፤ የጫጫዋ ጌጤ ዋሚ። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ስትመጡ በጫጫ ታልፋላችሁ። ሾፌሮች ቁርስ ይበሉባታል። ጌጤ በ1991 ዓ.ም. ሴቪያ ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። አትላንታና ሲድኒ ላይ ሜዳሊያ አገኘች። እኔ ግን ሁሌ የማነሳው የ2000 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምቷን ነው። መስከረም 19 በርሊን ማራቶንን አሸነፈች። ከ35 ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 24፣ ኒውዮርክ ላይ ለሌላ ማራቶን ቆመች። ሰው ያበደች መሰለው። ነገሩ ግን ሒሳብ ነበር። በሁለት ዓመት የታላላቅ ማራቶኖች የነጥብ ፉክክር የላትቪያዋ የሌና ፕሮኮፕቹካ ተቀናቃኟ ናት። የግማሽ ሚሊዮን ዶላሩ ሽልማት ከሁለቱ የአንዷ ነው፤ የሚለየውም በዚሁ ሩጫ ነው። ፖላ ራድክሊፍ ቀድማ ገባች፤ ጌጤ በ23 ሰከንድ ተከትላት ሁለተኛ ሆነች። ፕሮኮፕቹካ ሦስተኛ ወጣች። ሽልማቱ የጌጤ ሆነ። በቴሌቪዥን ያየ ሰው ተሸነፈች ብሎ ይሆናል። እሷ የትኛውን ሩጫ እየሮጠች እንደሆነ ታውቅ ነበር።

በዚህ ጉዳይ ስናገር አንዳንድ ልጆች «ታዲያ እኔ ከየት ልጀምር?» ይሉኛል። ካምፕ የለኝም፣ ክለብ የለኝም፣ አሰልጣኝ የለኝም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ከተማችን በፋብሪካ ተጥለቅልቃለች፤ ለመሮጫ የሚሆን ደልዳላ ቦታ ግን እየጠበበ ነው። አስፓልት ዳር ከሲኖትራክ ጋር እየተጋፉ የሚሮጡ ልጆች በየጠዋቱ አያለሁ። ለአንድ ቀን አዳራሽ ተከራይቶ የሞቲቬሽን ተናጋሪ ከማስመጣት ይልቅ ብሩን ለአንድ የሰፈር አሰልጣኝ የወር ደመወዝ ቢያደርጉት እላለሁ። የሚሰማኝ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ለልጆቹ የምለው አጭር ነው። ሩጫም ይሁን ጥናት፣ ሁለት ሰው ፈልጉ። ከሁለት በላይ ከሆነ ጥሩ፤ ከሁለት ካነሰ አትጀምሩ። ከእናንተ ትንሽ የሚበልጥ ይሁን እንጂ እጅግ የሚበልጥ አይሁን። መገናኛ ቦታው ከቤት ውጭ ይሁን፤ በስልክ «ተነሳህ?» መባባል አይሠራም፤ ሰው ተኝቶም «አዎ» ይላል። ሰዓቱን አንድ ጊዜ ወስኑ፣ ከዚያ ስለ ሰዓቱ አታውሩ። የዕረፍት ቀኑንም በዚያው ወስኑ። ያመመው ሰው አመመኝ ለማለት የማያፍርበት ቡድን ይሁን። ሻንጣውን የሚቀበለው ሰው ከሌለ ቡድን አይባልም።

ደብረ ብርሃን ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ በኅዳር አትጀምሩ። በዚያ ውርጭ የጀመረ ቡድን ለገና ሲደርስ አንድ ሰው ይቀረዋል። በየካቲት ጀምሩ፤ ክረምቱ ሳይገባ ይለምድላችኋል። የሚቀጥለው ኅዳር ሲመጣ ሰልፉ ራሱ ይጎትታችኋል። ጓንት ግን ከአሁኑ ግዙ። ቅዳሜ ገበያ ላይ የሱፍ አለ።